የማያመው እግር

ከመምህራን ክፍል ነው የወሰዱኝ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙና ለአምስት ደቂቃ እንደሚፈልጉኝ ነገሩኝ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ወር ሆነ። ጥፋቴ በስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቄ ነበር፤ ጥያቄውን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ያሰሩን ሰቆጣ ዳር ባለ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ግድግዳው የተባይ መድኃኒት ይሸታል። አሥራ አራት ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን። ቦታ የተገኘልኝ ከአንድ የአበርገሌ ገበሬ አጠገብ ነበር፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ከአማርኛው ይልቅ ኽምጥኛው የሚቀናቸው ሽማግሌ። የታሰሩት በራቸውን ላንኳኳ መንገደኛ እራት ሰጥተው ነው፤ መንገደኛው የሚፈለግ ሰው ነበር ተባለ። እንግዳን ሳላበላ ስሙን አልጠይቅም ብለው ለመርማሪዎቹ እንደመለሱላቸው ነገሩኝ።

ሽማግሌው ውሃ አይጠግቡም። ጀሪካኑን ደጋግመው ሲያነሱ ሌሎቹ ያጉረመርማሉ። በሦስተኛው ቀን እግራቸውን ሲዘረጉ ከግራ ትንሿ ጣት ሥር ያለውን ቁስል አየሁት። ጥልቅ ነው፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ከበረባሷቸው የወጣ ሚስማር ላይ ቀኑን ሙሉ ተራምደው ኖሯል፤ ያወቁት ማታ ደሙን አይተው ነው። ‹‹ቅንጣት አላመመኝም›› አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ያ ጥማትና ያ የማያም ቁስል አንድ ላይ ሲሆኑ የስኳር በሽታ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ስኳር የእግርን ነርቭ እየገደለ ሕመሙን ያጠፋል። ሐኪም ካላያቸው እግራቸው እንደሚሄድ፣ ከዚያም ነፍሳቸው እንደምትከተል ገባኝ።

ሐኪም ዘንድ የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠባቂው ደብተሩን ይዞ በሩን ይከፍታል፣ እያንዳንዱን እንዴት አደርክ፣ ያምሃል ወይ ይላል። ያመመው ይጻፋል፣ ይወሰዳል። የዚህ የዋግ አገር ሰው ግን እንዴት አደርክ ሲባል ተመስገን ከማለት ሌላ አያውቅም፤ እየሞተም ቢሆን። ሽማግሌው በየጠዋቱ ተመስገን ይላሉ፣ ጠባቂው ‹‹ጤነኛ›› ብሎ ይጽፋል፣ በሩ ይዘጋል።

አስረዳኋቸው። በቆዳችን ውስጥ ጫፋቸው እርቃኑን የቀረ ቀጫጭን ነርቮች አሉ አልኳቸው። ሥጋ ሲቆረጥ፣ ሲቃጠል፣ ሲጨፈለቅ እነሱ ይነቃሉ፤ የተጎዳው ሥጋ የሚያመነጨው ነገርም ይቀሰቅሳቸዋል። መልእክቱ በጀርባ አጥንት በኩል አንጎል ይደርሳል፤ ያኔ ነው አመመኝ የምንለው። ጣት ከድንጋይ ሲጋጭ መጀመሪያ ጥርቅ የሚያደርገው ሯጩ ነርቭ ነው፤ ቆይቶ የሚጠዘጥዘው ቀስ ብሎ የሚመጣው ሌላኛው። በደንብ ሰሙኝ። ማማ ላይ ወጥቶ እየጮኸ ማሽላውን ከዝንጀሮ እንደሚጠብቅ ሰው መሆኑ ነው አሉ።

‹‹ጠባቂው ካልጮኸ እንግዲህ ዝንጀሮው ሄዷል ማለት ነዋ።››

‹‹ወይም ጠባቂው ሞቷል፣ አባ።››

ጎንበስ ብለው ቁስላቸውን አዩት። የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ተመስገን አሉ።

ቆሽቴ አረረ። በአምስተኛው ቀን እኔው ተነስቼ እኚህ ሰው ታመዋል አልኩ። ጠባቂው ወደ እሳቸው ዞሮ ያምዎታል ወይ አለ። አያመኝም አሉ። ጠባቂው ሁለተኛ በሰው አፍ እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ሄደ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብዬ ተቆጣሁ፤ የቱን ሸሸግሁ፣ እግሬ ይኸው ተዘርግቷል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲያ ውሸት እንዲናገሩ ለመንኳቸው፤ አንዲት ቃል፣ ‹‹ያመኛል›› ብቻ።

‹‹ያላመመኝን አመመኝ ብል፣ ነገ በእውነት የሚያመውን ማን ያምነዋል?›› አሉ።

እንዲህ እየተባባልን ስምንት ቀን ሄደ። ጥቁረቱ ሁለተኛውን ጣት አልፎ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ሌሊት እንኳ ይታየኝ ነበር። አንዳንዴ በእሳቸው መናደዴ ካሰሩን ሰዎች ይልቅ በረታብኝ፤ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እንዲያ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ ለሽንት ስንወጣ ከአጥሩ አንድ ረጅም የግራር እሾህ ነቅለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ተኳርፈን ነበር። ጠባቂው ደብተሩን ይዞ መጣና እንዴት አደሩ አላቸው።

‹‹ተመስገን›› አሉና እግራቸውን ገፋ አድርገው እሾሁን ሰጡት። ‹‹እንካ ልጄ፣ ውጋኝ።››

ጠባቂው የአገሩ ልጅ ነው፤ አባት በሚሆነው ሰው ላይ እሾህ መሰንዘር ከበደው። ወደ እኔ አየ። እሳቸው ግን እጃቸውን አላጠፉም። ተንበርክኮ ጫፉን ብቻ አስነካቸው። ጨምር አሉት፤ ጨመረ። ግማሹ እሾህ ሥጋ ውስጥ ገባ። የእሳቸው ፊት እንዳለ ነበር፤ የተለወጠው የእሱ ነው።

‹‹አያመኝም›› አሉ። ‹‹ስለማያመኝ ነው ሐኪም የምፈልገው። እንዲህ ብለህ ጻፍ።››

ልጁ እሾሁን ነቀለ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፎ፣ ደግፎ አወጣቸው።

ከአራት ቀን በኋላ ሦስት ጣት ጎድሎባቸው ተመለሱ። ስኳር ነበር። ሳምንት ቀደም ብለው ቢመጡ ቁስሉን ማጽዳትና መድኃኒት ይበቃ ነበር ብሏቸዋል ሐኪሙ። ይህን ያለ አንዳች ምሬት ነው የነገሩኝ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ስለዚያ ሳምንት ሳስብ ንዴቴ የሚያርፍበት ያጣል። ደብተሩ ላይ ከአንድ ጥያቄ ሌላ እንዲጠይቅ ያልታዘዘው ልጅ ነው? አልዋሽም ያሉት ሰውዬ ናቸው? ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቀን ነርቭና አንጎል እያልኩ ስተነትን፣ አንዲት እሾህ ያሰቡት ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ ናቸው።

ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። በዱላ ተደግፈው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው፣ ‹‹አንተ በጊዜ ነግረኸኝ ነበር፣ መምህር፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ›› አሉኝ። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለው፣ በሰባት ጣታቸው እያነከሱ ሄዱ። አይደለም፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ ልላቸው አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቷል።