ሰይድ የላከው ብስክሌት

ዛሬ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ፎርኬላ ገጥሜ መሪውን ሳዞር እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ያ ረቢ! ለምን ዝም አሰኘኸው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሰይድ ጅዳ ሆኖ የአንድ ርካሽ የካርቦን ብስክሌት ዕቃዎችን በየተራ እየገዛ፣ ወደ ከተማችን መካነ ሰላም በሚመለስ ሰው እጅ ይልክልኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ጎማም መሪም የሌለው ባዶ አካሉ ነው። በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። ክብደቱ ከአንድ ዶሮ ስለማይበልጥ ጎረቤት ሁሉ እያነሳው ይስቅብኛል።

ከረመዳን ወዲህ ሰይድ አልደወለም። ስልኩም አይጠራም።

ነፋስ ሲነሳ ፎርኬላው የሚገባበት ቀዳዳ የጠርሙስ አፍ ሲነፋ እንደሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። እናቴ በሰማችው ቁጥር ከውስጥ «አቤት» ትላለች። እኔ የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ዛሬ ቀድሞ ከላካቸው ዕቃዎች መሪውን የሚያሽከረክሩትን ኩሽኔታዎች በቀዳዳው ከላይና ከታች አስገባሁ። የታችኛውን ገልብጬ አስገብቼው ኖሮ መሪው አልዞር ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አስተካክዬ ፎርኬላውን ሳስገባው ድምፁ ቀጥ አለ፤ እናቴ ሮጣ የወጣችው ያኔ ነው።

«እማ፣ ነፋስ እኮ ነው» አልኳት።

«ነፋስ ስሜን በምን አወቀው?»

ደንግጬ ሁሉንም ፈታሁና እንደነበረው ሰቀልኩት። ነፋሱ አለ፤ ድምፁ ግን የለም።

ይህን ስጽፍ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። አሁን ደግሞ «አቤት ሰይድ፣ መጣሁ» አለች። እኔ ምንም አልሰማሁም።

እናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ዝም ካሰኛችሁት በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ ጭምር ንገሩኝ።