የተሸፈነውን መስኮት ስፈልግ

ከሀድያ፣ ከትውልድ ከተማዬ ከሞርሲቶ የወጣሁ ማታ እናቴ እስከ እንሰቱ ጥግ ሸኘችኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ ነበር። የመንገዱን አልጽፍም። የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁበት አትወቁት።

አሁን ጆሃንስበርግ ነኝ፤ የማድረው የጎረቤታችን የሺንሺቾ ሰው በሆኑት በጋሽ ማቴዎስ ሱቅ ጀርባ ነው። ቀን ቀን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኜ ዳቦ እሸጥላቸዋለሁ። ዳቦው ጥጥ ነው፤ ቆጮ የለመደ ጥርሴ ሥራ ፈትቷል።

ሆሳዕና ከተማ ኮምፒውተር ቤት ስሠራ ፕሮግራም መጻፍ ለብቻዬ ተምሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ድርጅት ሊሞክረኝ ፈቀደ። ሠራተኞቻችን ኮምፒውተሩ ላይ የሥራውን ገጽ ከፍተው ሌላ መስኮት እየደረቡበት ፊልም ያያሉ አሉ አለቆቹ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን የሥራ ሰዓት መቁጠሩን የሚያቆም ፕሮግራም ፈለጉ።

የጥገኝነት ወረቀቴ ዓርብ ያበቃል። የስደተኞች ቢሮው ሰውዬ፣ “የቅጥር ደብዳቤ አምጣ” አለኝ።

“ደብዳቤ የሚሰጡኝ ወረቀቴ ሲታደስ ነው።”

“እንግዲያው ታረቁና ኑ፤ እኔ አስታራቂ አይደለሁም።”

ድርጅቱን ለመንኩ። ፕሮግራሙ ከሠራ ደብዳቤውን አስቀድመው ሊሰጡኝ ተስማሙ።

መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ሰው ሌላ መስኮት በነካ ቁጥር የሥራው ገጽ “ተሸፍኗል” እንዲል አደረግሁ። እኛ ቤት ሽማግሌ ሲገባ ልጅ ወንበሩን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይቆጥረውም። መስኮትም እንደዚያ መሰለኝ።

“አንተ ሀድያ!” አሉ ጋሽ ማቴዎስ፣ ስነግራቸው እየሳቁ። “ወንበር ለቀህ ስትቆም ከቤት ጠፋህ እንዴ?”

“አልጠፋሁም። ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ።”

“ታዲያ ሰው ያይሃል እኮ!”

እውነት ነበር። እንደገና ጻፍኩት። ከላይኛው መስኮት ጀምሬ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ የጋረደውን ቦታ ከገጹ ላይ ቀነስኩ። ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ከተረፈ “ይታያል” ይላል። አሥር ጊዜ ሞከርኩት፣ አሥሩንም ሠራ። ሐሙስ ጠዋት ላክሁት።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እያወራን መልእክት ገባ፤ ከድርጅቱ ነው። ስከፍተው ፊቷን ጋረደው፤ የእኔም ካሜራ ቆመ።

“አንዱ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉም በላይ የተቀመጠ ባዶ መስኮት አለ፤ እንደ መስታወት ያሳልፋል እንጂ ምንም አይጋርድም። ያንተ ፕሮግራም ግን ሰውየው ሥራ ላይ እያለ ተሸፍኗል ይላል። ሌላ ሰው ቀጥረናል።”

“ልጄ፣ ወዴት ሄድክ? ፊትህ ጠፋብኝ” አለች እናቴ።

“አለሁ እማዬ። ድምፄ ይሰማሻል?”

“ድምፅህማ ይሰማል። ነገ ወረቀቱ ይታደሳል አላልከኝም? ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ተናግሬያለሁ፤ ሁሉም እየጸለየልህ ነው።”

መልእክቱን ዘግቼ ወደ እሷ ልመለስ አልኩ፤ ግን ፊቴን እንዳታነብብኝ ተውኩት።

“አዎ እማዬ፣ ይታደሳል።”

“ታዲያ ፊትህን አሳየኛ!”