አጥቤ ያስረከብኩት እንግዴ ልጅ

በዘጠናዎቹ ከቡሌ እስከ ዲላ ስለ እንግዴ ልጅ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ኩራት አይደለም ብዬ አልዋሽም፤ ኩራት ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ቡሌ ጤና ጣቢያ በዘበኝነት ገብቼ፣ የተጣለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ከመርፌ መውጋት እስከ ማዋለድ ደረስኩ። የገጠሩ ሰው ዶክተር ይለኝ ነበር፤ አልከለከልኩም። አሁን የምናገረውን ግን ለሚስቴም ለፓስተሬም ነግሬ አላውቅም።

ሌሎች የእርጉዝን ችግር በሚታየው ይጠሩታል፤ ደማች፣ አበጠች፣ ልጁ ከሳ ይላሉ። እኔ ሥሩን ፈለግሁ። ልጅ የሚመገበውም የሚተነፍሰውም በእንግዴ ልጁ ነው። ቤተሰብ ወስዶ ጓሮው ከመቅበሩ በፊት እያንዳንዱን በብርሃን እያገላበጥኩ አየሁ፤ በአራትም ከፍዬ ሰንጠረዥ አወጣሁለት። የማህፀን አፍ ላይ የተቀመጠው «የወረደ»፤ ሳይወለድ ከማህፀን ግድግዳ የለቀቀው «የተላቀቀ»፤ ደም አጥሮት እናቲቱን ለግፊት፣ ልጁን ለቅጥነት የሚዳርገው «የተራበ»፤ የመረቀዘው «የተቆጣ»። የወረደው ያለ ሕመም ይደማል፣ እናቲቱ ተኝታ ትጠበቃለች። የተላቀቀው እያመመ ይደማል፣ ሆድን እንደ ጣውላ ያደርቃል፣ ጊዜ አይሰጥም።

ታደለች አንድ ጠዋት እየደማች በቃሬዛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። አማቷ ከራስጌዋ ቆመዋል።

«ያምሻል?» አልኳት።

አማቷን አየት አደረገችና «አያመኝም» አለች።

«የእኔ ምራት የምትጮህ አይደለችም፣ ዶክተር» አሉ አማቷ። «የጎረቤቴ ምራት ናት ገና ሳይጀምራት ቀበሌውን የምትሰበስበው።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ምራት በአማቷ ፊት ሕመሟን እንደማታወጣ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ግን መልሷ ከሰንጠረዤ ጋር ገጠመልኝ። «የወረደ ነው!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አልማዝ የምትባል አዲስ ነርስ ነበረች። ዳሰሰቻት። «ጋሼ፣ ሆዷ ደርቋል። ሰዎቹ እዚሁ እያሉ ወደ ዲላ ሆስፒታል እንላካት።»

«መንገዱ ያናውጣታል። ትተኛ።»

«እስቲ እርስዎም ይዳስሷት።»

ዳሰስኩ። ጣውላ ነበር። የልጁም ልብ ይመታ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እጄ አወቀ፣ እኔም አወቅሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን መልሼ ልዋጥ? እኔ? ለትናንት ተመራቂ? «ለስላሳ ነው» አልኩና ተሸካሚዎቹን አሰናበትኩ።

ከቀትር በኋላ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ተከትሎ የወጣው እንግዴ ልጅ ጀርባው ላይ መዳፌን የሚያህል የረጋ ጥቁር ደም ተጣብቆበታል። የተላቀቀ። አልማዝ እናቲቱን ለማትረፍ ስትሯሯጥ እኔ ሳህኑን ይዤ ቧንቧ ጋ ሄድኩ። ደሙን በጣቴ ላጥኩት፤ አጠብኩት፤ ደግሜ አጠብኩት። ደሙ ተጭኖ ያጎደጎደው ቦታ ግን አልጠፋ አለኝ። ያንን ወደ ታች ገልብጬ ለአልማዝ አሳየኋት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

የታደለች አማት እንግዴ ልጁን ሊረከቡ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ምን ሆኖ ነው የሞተብን?» አሉ።

«ከባድ ሸክም ተሸክማ ነው» አልኳቸው።

ታደለች ካልጋው ላይ «ከውሃ በቀር ምን ተሸከምኩ?» አለች። እኔ እንግዴ ልጁን ጨርቁ ላይ አኑሬ ለአማቷ አስረከብኩ። ልጄን ገደለች ብሎ ባሏ ዓመት ሳይሞላ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። ማን ነው የገደለው? እኔ ነኝ። ማን ነው ያስፈረደባት? እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መውጫ አጣሁ። ሰንጠረዤን ዲላ ወስደው በትልቅ ወረቀት ጻፉት፣ ሰልጣኞች ገለበጡት። «የወረደ» በሚለው ሥር ምሳሌ ተደርጋ የተጻፈችው ታደለች ናት። አስተምር ተብዬ በየዓመቱ ስጠራ ያንን ውሸት በገዛ አፌ ደገምኩት። ምሳሌውን ብሰርዝ ለምን እባላለሁ፤ ብተወው «አያመኝም» ያለችውን ሁሉ «የወረደ» እያለ ሌላ እጅ እንደ እኔ ይዋሻል። ታደለች ደግሞ አሁን ዲላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ሳልፍ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። «ነፍሴን ያተረፉልኝ አባቴ» ትለኛለች፤ በርበሬ ሳትመዝን ትጨምርልኛለች። መንገድ ብቀይር በሰው ትልክልኛለች። ወዴት ልሂድ?

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ጎልማሳ ነበርኩ። አላወቅሁም አልልም፤ ከማንም ይበልጥ አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የቻልኩትን ግን ልቁጠር። ሰንጠረዡ ግርጌ «መጀመሪያ አማት ትውጣ፣ ከዚያ ሕመም ይጠየቅ፣ ሆድም ይዳሰስ» የሚል ጨመርኩ፤ ለምን እንደሆነ ሳልናገር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የምትደማን ሴት ሁሉ በመጣችበት ቃሬዛ ወደ ዲላ ላክሁ። ወጣት ነርስ «እርስዎም ይዳስሱ» ስትለኝ ዳስሼ ያገኘሁትን ተናገርኩ። ምሳሌውን አልነካሁም። ሦስት ጊዜ ታደለች ደጃፍ ደረስኩ፤ ሦስት ጊዜ በርበሬ ይዤ ተመለስኩ። ይህን ጻፍኩ፤ ታደለች ምንም አልተሸከመችም፣ ልጇ ያን ጠዋት በሕይወት ነበር ብዬ ከነስሟ ጻፍኩ። እሷ ማንበብ አትችልም። ያንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።