ልብስ ሰፊው አባቴ የገጠማቸው ዘፈኖች

ባለፈው ሰኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመዝጊያ በዓል ላይ የአንደኛ ክፍል ልጆች ተሰልፈው ወጡና አባቴ የገጠመውን ዘፈን ዘፈኑ። ሲጨርሱ መድረኩን የሚመራው ወጣት መምህር ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ «ደራሲው የማይታወቅ፣ ከድሮ የመጣ የሕዝብ ዜማ ነው» አለን፤ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ቤት ስገባ ግን ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ፣ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ወደቆመችው የስፌት መኪና ሄጄ መሳቢያዋን ሳብኩት። የመኪና ዘይት፣ የጠመኔና የአዲስ ካኪ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ወጣ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ይመር በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ልብስ ይሰፋ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሱሪ እያሳጠረ፣ ኮት እየገለበጠ ይቆይና ነሐሴ ሲጋመስ የዩኒፎርም ወቅት ይደርሳል፤ ያኔ እናቶች ከየገጠሩ ልጆቻቸውን በጭቃ እየጎተቱ ይመጡና ሱቋ እስከ ደጇ ትሞላለች። ልጅ ደግሞ ሜትር ብብቱ ስር ሲገባ ይኮረኮራል፣ ይስቃል፣ ይጠማዘዛል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አባቴ መቆጣት አይሆንለትም ነበርና በቁጣ ፋንታ ይገጥምላቸዋል።

ቀጥ በል እንደ ባሕር ዛፍ፣
ክንድህን ዘርጋ እንደ ወፍ ክንፍ፤
ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ ላይ፣
እደግ እደግ ቁመትህ ይታይ።

ይህቺ የሁሉም ናት፤ በዓሉ ላይ የተዘፈነችውም እሷ ናት። ከዚህች ሌላ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ነበረው፤ ጥርሱ ለወለቀው ስለ ጥርሱ፣ ለምታለቅሰው ስለ እንባዋ፣ ዶሮ ተሸክማ ለመጣችው ስለ ዶሮዋ እያለ እዚያው በቆመበት ይፈጥርለታል። ግጥሙ ሲያምርለት የለካውን ቁጥር ስለሚረሳው አንዳንዴ አንደኛው እጅጌ ከሌላው ሁለት ጣት ይረዝማል። እናቶች ይህን አይተው ዝም ይሉታል፤ ልጃቸው እየዘፈነ ነዋ ወደ ቤት የሚመለስ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ እናታችን ለሥራ ጅዳ ሄደች። አባቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ስንታየሁን ብቻውን ያሳድግ ጀመር፤ ሽሮውን ያቀጥነዋል፣ ፀጉሬን ሲሠራኝ ደግሞ እንደ ኪስ አፍ አጥብቆ ይሰፋዋል ብዬ እቀልድበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስንታየሁ ምግብ አልበላ ብሎ ሲያስቸግረው «ለፋሲካ ትመጣለች» አለው። ለበዓሉም ኮትና ሱሪ ሰፋለት። የእናታችን አሠሪዎች ፈቃድ ከልክለዋት ኖሮ ሳትመጣ ቀረች። ስንታየሁ ሁለት ቀን ሙሉ መናኸሪያ ቆሞ ከደሴ የሚገባውን መኪና ሁሉ ሲጠብቅ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን አባቴ ሄዶ አዝሎ አመጣው። ኮቱን እሷ ሳትመጣ አልለብስም ብሎ እንደ ታጠፈ ጠበበው። አባቴ ለዚህ ነገር ራሱን ይቅር ማለቱን እጠራጠራለሁ።

ዳዊት የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ልጅ ሳለ አባቴ እየዘፈነ ከለካቸው አንዱ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ልጅና አዋቂ አብረው የሚያዩዋቸውን የቤተሰብ ፊልሞች ይሠራ ነበር። «ቀጥ በል» የምትለዋን አስፈቅዶ ወስዶ ፊልም ውስጥ አስገባት። ፊልሙ በከተማችን ቪዲዮ ቤት ሲታይ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ሁለታችንን ይዞ ሄደ። መጨረሻ ላይ ስሙ በትንንሽ ፊደል ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ ሳያስበው ብድግ አለ፤ ከኋላ ያሉት «ተቀመጥ እንጂ ሰውዬ፣ ጋረድከን» ብለው ጮሁበት። ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ።

በዓመቱ ዳዊት ተመልሶ መጣ። አዲሱ ፊልም እናቱ አረብ አገር ስለሄደችበት ልጅ ነው። አባቴ ታሪኩን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሲሰፋም ሲያጉረመርምም ሰነበተና ይህን ጻፈ፦

ፊቴን ታጥቤያለሁ፣ ደብተሬን ይዣለሁ፣
ያሳየሽኝን መንገድ ዛሬም እሄዳለሁ፤
የምትመጪበትን ቀኑን ባላውቀውም፣
ያስተማርሽኝን ነገር እኔ አልረሳውም።

ዳዊት የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አነበበው። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ።

«ጋሼ ይመር፣ በጣም ጥሩ ነው። መጨረሻው ላይ ብቻ ‹ነገ ትመጣለች› የምትል ስንኝ ይጨምሩልኝ።»

አባቴ እግሩን ከመርገጫው አነሳ። «ነገ ትመጣለች እንዴ?»

«ፊልሙ ላይ አዎ፣ ትመጣለች።»

«ዘፈኑን የሚዘፍነው የፊልሙ ልጅ ብቻ አይደለም። እናቱ የሄደችበት ልጅ ሁሉ ይዘፍነዋል። ልጅ ደግሞ የሰማትን ቃል ይዞ ነው የሚጠብቅ። እኔ አንዴ ዋሽቼ አይቼዋለሁ።»

«ሰው ተጽናንቶ መውጣት አለበት እኮ። እርስዎ ካልጻፉት ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

«ስጠው ልጄ፣ አልቀየምህም። እኔ ግን እሷን ስንኝ አልጽፍም።»

ዳዊት ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ትቶ ወጣ። አባቴ መኪናዋን መልሶ ረገጠ፤ ያን ዕለት ግን የአንድ መምህር ሸሚዝ ኮሌታ በስህተት ገልብጦ ሰፍቶ፣ መፍታት ነበረበት። በነጋታው «አባዬ፣ ቆጨህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «አብሽሪ፣ ከዘፈን በፊትም ስንሰፋ ነው የኖርን» አለኝ።

ወር ሳይሞላ ዳዊት ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደውሎ አባቴን አስጠራው። ሁለት ሰዎች ጽፈውለት ነበር፤ ነገር ግን ልጁ «ነገ ትመጣለች» ብሎ ሲዘፍን ዜማው አፉ ላይ ደረቀበት አሉ። «የእርስዎን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እንዳለ ልወስደው ነው» አለው። አባቴም «ይሁን» ብሎ ስልኩን ዘጋና ሱቁን ዘግቶ ሥጋ ገዝቶልን መጣ።

እናታችን የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆይታ ነው። በመጣች በሳምንቱ፣ ምሳ ላይ፣ ዘፈኑን ጅዳ ሳለች አንዲት የወረኢሉ ልጅ በስልኳ እንዳሰማቻት ነገረችን። «የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅኩት» አለች አባቴን እያየች። «ነገ ትመጣለች ቢል ኖሮ እዚያው ወገቤ ይቆረጥ ነበር። ቀኑን አላውቀውም ሲል ግን ልጆቼ ማንም ሳይዋሻቸው እየኖሩ ነው ብዬ ተኛሁ።» አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተነሳና ትከሻዋን ለካ። «ከስተሻል» አለ።

ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሁለት ፊልሞች ጻፈ። ዓይኑ ክር ማስገባት እስኪያቅተው ሰፋ፤ ካረፈ እነሆ ሁለት ዓመቱ። ፊልሞቹ ያሉባቸው ዲስኮች ተጫጭረው አልቀዋል፣ ቪዲዮ ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ ዘፈኖቹ ደግሞ ተቆርጠው ከስልክ ስልክ ሲሄዱ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ስም መንገድ ላይ ቀረ።

ከበዓሉ ማግስት ወጣቱን መምህር አስተማሪዎች ክፍል አገኘሁትና የዘፈኑን ነገር ነገርኩት። አቀርቅሮ «እትዬ፣ ወላሂ አላወቅኩም» አለ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ጽፎ ያላስቀመጠው ማን ሆነና። ከእንግዲህ ዘፈኑ በተዘፈነ ቁጥር ይመር የሚለው ስም እንዲጠራ ተስማምተን፣ ያኑ ቀን ደብተር ገዛሁ።

የፊልሞቹን በሁለት ቀን ጽፌ ጨረስኩ። የሚያስቸግሩት እነዚያ ልጅ ሲለካ የገጠማቸው ናቸው፤ ያሉት የተዘፈነላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። እነሱ ደግሞ ዛሬ ሹፌር፣ ነርስ፣ ዲያቆን፣ ነጋዴ ሆነው ተበታትነዋል። ከክረምቱ ጀምሮ እየዞርኩ «አባቴ ሲለካህ ምን አለህ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ክንዳቸውን ሳያውቁት ዘርግተው ሲዘፍኑልኝ አይቻለሁ። ወረኢሉ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሴት ስለተሸከመችው ዶሮ የተገጠመላትን ሦስት ስንኝ አስታውሳ አራተኛው ጠፋባት፤ ዓይኗን ጨፍና ከመጀመሪያው ደጋግማ ዘፈነችው፣ አልመጣም። ስንታየሁ ይህን ስነግረው «አንቺም ልጁ አይደለሽ፣ ራስሽ ሙዪው» አለኝ። አልሞላሁትም። አባቴ ሳይሆን አባቴን መስዬ የጻፍኩት ነገር እዚያ ደብተር ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም፤ አራተኛውን መስመር ባዶ ተውኩት።

እስካሁን አሥራ ሰባት አግኝቻለሁ። በየነሐሴው ስንት ልጅ እንደለካ፣ ስንት ነሐሴ እንዳለፈ ሳስበው፣ ያገኘሁት ከሙሉ ጣቃ ላይ እንደተቆረጠ አንድ ክንድ ጨርቅ ነው። ሁሉን እንደማላገኘው አውቄዋለሁ፤ ከነባለቤቶቹ የተቀበረም አለ። አጅባር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አናጢ ሁለት ግጥም በቃላቸው ይዘዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሰውዬው ሰሞኑን ታመዋል አሉ። ቅዳሜን አልጠብቅም፤ ለነገ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።