ቢራቢሮ ለማንሣት ወደ ሸቤ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጅማ

የጅሬን ኮረብታ ጭጋጉን ገና አልጣለም። ካሜራዬን በፎጣ ጠቅልዬ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ መኪና እጠብቃለሁ። አንዱ ፊልም ካሜራው ውስጥ ነው፣ ሌላውን መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ። ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በዚያ በደርግ ዘመን እነሱንም ማግኘት ዕድል ነበር።

ፎቶ ማንሣት ከአባቴ የወረስኩት ሙያ ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን የማነሣው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ የመታወቂያ ጉርድና ሰልፍ። የደነገጠ ፊት፣ ወደ ላይ የተሰነዘረ ግራ እጅ። ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ ሳጥብ ከርሜ፣ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ አንገፈገፈኝ። ማንም ያላዘዘኝን ነገር ማንሣት አማረኝ። ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ ሰው ያልተከለው አበባ።

በዋዜማው የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው፣ «የጉዞሽ ምክንያት?» አለኝ።

«ቢራቢሮ ፎቶ ማንሣት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ዘመድ ጥየቃ ብዬ ልጻፍልሽ። ለአንቺም ለእኔም ይሻላል።»

«ሸቤ ዘመድ የለኝም። ቢራቢሮ ብለህ ጻፍ።»

ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ጋሽ ነጂብ የጭነት ፊያት ሾፌር ናቸው። ጨውና ሳሙና ይዘው ወርደው ቡና ይዘው ይመለሳሉ። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ መኪናው እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል። በግራ በቀኝ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የቡናው ፍሬ መቅላት ጀምሯል። የመንገድ ዳር ሴቶች የተጠበሰ በቆሎ በስሙኒ ይሸጣሉ። ከቦዩ ዳር ስሟን የማላውቃት ሐምራዊ አበባ እንደ ምንጣፍ ተነጥፋለች።

«ጋሽ ነጂብ፣ ይቁሙልኝ!»

«ምን ተገኘ?»

«ወፍ!»

«ያ ረቢ! ለወፍ ብዬ ይህን ሁሉ ጭነት ላቁም?» አሉ፤ ግን አቆሙ። አረንጓዴዋ ወፍ ዋንዛው ላይ ትዘላለች። ስትበር ከክንፏ ሥር ደማቅ ቀይ ወጣ። አነሣኋት። ጋሽ ነጂብ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ዋላሂ፣ በዚህ መንገድ አርጅቼ ይህን ቀይ አላየሁትም» አሉ።

ሸቤ ስንቃረብ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዲስ ካድሬ መጥቷል፤ ነገረኛ ነው ይሉታል። ካሜራውን ከጨው ጆንያው መሐል ልሸጉጥልሽ?»

«አልሰረቅኩት ጋሽ ነጂብ። ለምን እደብቀዋለሁ?»

ከሰዓት፣ ሸቤ

ያረፍኩት ከጋሽ ነጂብ አክስት ከእማማ ዘይነባ ቤት ነው። ባላቸው ሞተው የቡና ማሳቸውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ጎደሬ በቅቤ አቅርበውልኝ፣ «ቢላቻ ልታነሺ ነው ከጅማ ድረስ የመጣሽው?» ብለው ሳቁ፤ ቢራቢሮን በኦሮምኛ ሲጠሯት ነው። «ነይማ፣ ቤታቸውን ላሳይሽ።»

ከማሳው በታች ባለው ወንዝ ዳር እርጥቡ አሸዋ በቢራቢሮ ተሸፍኗል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ከጥፍሬ የማይበልጡ ሰማያዊ። ክንፋቸውን አጥፈው ጭቃውን ይጠጣሉ። በሆዴ ተኝቼ እያነሣሁ ሳለ ከኋላዬ፣ «ተነሺ!» የሚል ድምፅ መጣ። ካድሬው ነው፤ ወጣት ነው፣ መሣሪያ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሏል።

የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ቢራቢሮ? እዚያ ማዶ ድልድይ አለ።»

«አለ። እኔ ግን ፊቴን ያዞርኩት ወደ ጭቃው ነው።»

«ሰፊው ሕዝብ እየታገለ አንቺ በቢራቢሮ ትጫወቻለሽ?»

«ሰፊው ሕዝብ ቢራቢሮ ማየት አይወድም ያለህ ማነው፣ ጓድ?»

ይዞኝ ጽሕፈት ቤቱ ገባ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ክፈቺው» አለኝ።

«ፊልሙ ብርሃን ካየ ይቃጠላል። ጅማ ወስጄ ልጠበውና ሁሉንም ላሳይህ። በእጄ ግን አልከፍተውም።»

ራሱ ከፈተው። ፊልሙን እንደ ከብት አንጀት ጎትቶ አወጣው። የወንዙ ቢራቢሮዎች፣ የዋንዛዋ ወፍ፣ ሁሉም እዚያው ጠፉ። እንባዬ መጣ። በፊቱ ላለማልቀስ ጥርሴን ነከስኩና እጄን ዘረጋሁ። «ፊልሙን አቃጥለሃል። ካሜራውን መልስ።»

«ይወረሳል።»

እማማ ዘይነባ ዱላቸውን ይዘው ተከትለውን ኖሯል። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ እንግዳዬ ናት። ዕቃዋን ሳትይዝ ከዚህ አልነሳም።» ለዐስር ሶላት ወደ መስጊድ የሚያልፉ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ማንም አልጮኸም፤ ግን ማንም አልሄደም። ካድሬው በበሩ አሻግሮ ተመለከታቸውና ካሜራውን ወደ እኔ ገፋው።

«ነገ በመጀመሪያው መኪና ከዚህ ትሄጃለሽ!»

እሑድ ማለዳ

«ወዴት ነው?» አሉኝ እማማ ዘይነባ፣ ነጠላዬን ሳጣፋ አይተው።

«ወደ ወንዙ።»

ሻሻቸውን አሰሩና አብረውኝ ወጡ። ሁለተኛውን ፊልም ካሜራዬ ውስጥ አስገብቼ፣ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አለፍን። እርምጃዬን አላፈጠንኩም።

አሸዋው ላይ ተኛሁ። ፀሐይ ሞቅ ስትል መጡ፤ መጀመሪያ ነጮቹ፣ ከዚያ ሰማያዊዎቹ። የኮቴ ድምፅም አብሮ መጣ።

«ትናንት አልተነገረሽም?»

ዘወር ሳልል፣ «አትንቀሳቀሱ!» አልኩ። «ከተንቀሳቀሳችሁ ይበርራሉ።»

ቆሙ። ካድሬውም፣ መሣሪያ የያዙትም፣ ባሉበት ቆሙ። እስከ ዛሬ ለምን እንደታዘዙኝ አላውቅም። ፊልሙ እስኪያልቅ አነሣሁና ጭቃዬን አራግፌ ተነሣሁ። ወዲያው ወደ ጅማ የሚመለሰው የጋሽ ነጂብ መኪና ጡሩምባ ከመንገድ ተሰማ።

«ሁለተኛ ሸቤ እንዳላይሽ» አለኝ ካድሬው።

ጅማ

ሰኞ ጠዋት ፊልሙን አጠብኩ። ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ባይወጣም የክንፋቸው ጅማት ሳይቀር ይታያል። ሁለት ቅጂ አወጣሁና ለጋሽ ነጂብ ሰጠኋቸው።

«አንዱ የእማማ ነው። ሌላው የካድሬው።»

«የካድሬው?» ዓይናቸው ፈጠጠ። «ምን ብዬ ልስጠው?»

«ለመጪው መስከረም አበባው ሲያብብ ትመለሳለች ይበሉልኝ።»

በዓመቱ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ተመልሼ ሄድኩ።