ግራር ሥር የተበላሸው ጥናት

ቆቦ ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። ባጃጆቹ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ሾፌሮቹ እግራቸውን መሪው ላይ ሰቅለው ያንቀላፋሉ፣ ወደ ሰሜን የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ድምፅ እንኳ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። አስፋልቱ ላይ ርቆ የሌለ ኩሬ ይታያል። ልጅ ሳለሁ ያ ኩሬ እውነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ጎልምሼ፣ ብዙ አንብቤ፣ እውነት አለመሆኑን አውቄአለሁ፤ ከዚህ እውቀት ግን ያተረፍኩት ነገር የለም።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሐምሌ ገና ሲገባ፣ ወደዚህች የተወለድኩባት ከተማ ጥናት ላጠና ተመለስኩ። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሁሉ ጥናት እንዲያቀርቡ ያዘዘበት ዘመን ነበር። የኛ ጥናት ርዕስ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ተማሪዎችን ለሥራው ዓለም ስለማዘጋጀትና ስለ ተግዳሮቶቹ ይላል። በአገራችን ተግዳሮት የሌለበት ጥናት አይጸድቅም። «የሥራው ዓለም» የሚለው አነጋገርም ሁልጊዜ ያስቀኛል። ባሕር ማዶ ያለ አገር ይመስላል። ራያ ሜዳ ላይ ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የማሽላ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ያባርራሉ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት እናስገባቸውና ከዓመታት በኋላ ለሥራ መዘጋጀታቸውን ልናጣራ መጠይቅ ይዘን እንመጣለን።

አብሮኝ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ወጣት የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በጥናት ዘዴ ያምናል። የድምፅ መቅጃውን አቧራ እንዳይነካው በመሐረብ ጠቅልሎ ይይዛል። እኔ በዘዴ ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ቢሆንም ደመወዜን ከዘዴ ነው የማገኘው።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ከቆቦ በስተደቡብ ባለችው ጎብዬ፣ ካፌ ውስጥ፣ አንዲት ምሩቅ ነበር። ከአንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ የውኃ ሞተር ሥራና ጥገና ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። አባቷ በሕይወት የለም። ከነእናቷ የምትኖርበት ቀበሌ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ ሞተር ተተክሎለት፣ ገበሬዎቹ በመስኖ ማኅበር ተደራጅተው ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ሞተሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ሰው ዐረብ አገር ስለሄደ የሞተሩ ቤት ተቆልፏል። ሞተር የተማረችው ልጅ ከተቆለፈው ቤት የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቃ ቁጭ ብላለች።

«ሥልጠናው ምን ጎደለው ትያለሽ?» አላት ባልደረባዬ መቅጃውን ወደ አፏ አስጠግቶ።

«ምንም።»

«ምንም የሚል ምርጫ የለም» አላት። እየቀለደ አልነበረም፤ መጠይቁ ላይ በእርግጥ የለም።

«እንግዲያ የሚነሳ ሞተር ጎደለው በል። የሞተ ሞተር ስንፈታ ስንገጥም ተመረቅን። የሚሠራው ይኸው መንደራችን አለ፣ አላስነካ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?» አልኳት እኔ።

«ዐረብ አገር ነዋ።»

«በምን?»

«በእግር፣ ከዚያ በባሕር። ሌላው ሰው በምን ነው የሚሄደው ጋሼ?» አለችኝ፤ ወደ ዋጃ የሚሄደው ሚኒባስ የት እንደሚቆም የምትነግረኝ ያህል በእርጋታ። ሁለት ጓደኞቿ ተዘጋጅተዋል። ደላላው ወሩ ሲያልቅ ብሏቸዋል። «ሞተሩን ከሰጡኝ እቀራለሁ። ካልሰጡኝ ለእናቴ ምን ብዬ ቁጭ እላለሁ?»

ባልደረባዬ «የፍልሰት ዝንባሌ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ወደ ቆቦ ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የዞብል ተራሮች ሰማያዊ ጭስ መስለው አብረውን ይጓዙ ነበር። ከተራሮቹ ወዲያ የሚጀምረውን የአፋር በረሃ፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን ባሕር አሰብኩ። ባሕሩን አይቼው አላውቅም። በሐሳቤ አስፋልቱ ላይ እንዳለው ኩሬ ያብለጨልጭ ነበር።

በማግስቱ የቡድን ውይይት ነበረን። የማሰልጠኛው ዲን፣ የመስኖ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና አባላቱ፣ የቀበሌው ሽማግሌዎች፣ ምሩቋም ተጠሩ። ውይይቱ በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው እንዲካሄድ ባልደረባዬ አስቦ ነበር፤ ክብ ሲሆን ሰው በእኩልነት ይናገራል ተብሏል። ቆርቆሮው ግን እንደ ምጣድ ግሎ ነበርና አንዱ «ኧረ እዚህ ውስጥ ሳንናገር እንበስላለን፣ ግራሩ ሥር እንውጣ» አለ። ወጣን። ጥናቱ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው፤ እኔ የአገሩ ልጅ ሆኜ አላስተዋልኩም።

በዚህ አገር ግራር ሥር ለወሬ አይሰበሰቡም። ግራር ሥር ዕርቅ ነው የሚወረደው። ሰዎቹ ከጥላው ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው ለሁለት ተከፈሉ። ዲኑና ልጅቱ ባንድ ወገን፣ ሊቀ መንበሩና ማኅበርተኞቹ በሌላው፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። ባልደረባዬ ክቡን ለመጠገን ሁለት ድንጋይ አንከባለለ፤ ማንም አልተቀመጠባቸውም።

ጢሙን ሒና የተቀባ ሽማግሌ ዱላውን አጋድሞ እጁን ዘረጋ። «ቢስሚላሂ። አላህ ልባችንን ያግራው። ክፉ ወሬ ከደጃችን ይራቅ።» ሁሉም አሚን አለ፤ በአንገቱ ማተብ ያሰረው ሊቀ መንበር ከሁሉም ጮክ ብሎ። ከዚያ ሽማግሌው ወደኛ ዞረ። «እንግዲህ እንግዶች፣ ነገሩን አስረዱን።»

ባልደረባዬ በጥሩ አማርኛ አስረዳ። ማሰልጠኛው የሚያወጣቸውን ልጆች ቀጣሪዎች ለምን እንደማይወስዱ ለማወቅ መጥተናል አለ።

«መልካም» አለ ሽማግሌው። «እንግዲያ የሰጠ አለ፣ አልቀበልም ያለ አለ። ነገሩ ገብቶናል። በመጀመሪያ ሁላችሁም ለሽማግሌ ቃል እንደምትገዙ ዋስ ጥሩ።»

አንዱ ላንዱ ዋስ ተጠራራ፤ በዚህ አገር ሽምግልና ያለዚህ አይጀመርም። ባልደረባዬ ፊቱ በደስታ በራ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዴት ያለ ተሳትፎ ነው! ፈቃደኝነታቸውን ራሳቸው እያረጋገጡ ነው» አለኝ። እኔ ገና ያኔ የምን ጉባኤ ላይ እንደተቀመጥን ገባኝ። መናገር ነበረብኝ። ሙቀቱ፣ የግራሩ ጥላ በሰዎቹ ትከሻ ላይ ሲወዛወዝ፣ የንቦች ድምፅ፣ ሁሉም ተባብሮ አፌን አከበደው። ሕልም እያየ ሕልም መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ተመለከትኩ።

«ዲን ሆይ፣ ተናገር» አለ ሽማግሌው።

ዲኑ ዘመናዊ ሰው ነው፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ጀመረ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ አቋረጠው። «አቦ ተወን! ልጆቻችንን ሰጠንህ፣ ሠርተፊኬት አሳቅፈህ መለስክልን። ሠርተፊኬት ያጠጣል?»

«አንተስ» አለው ዲኑ ትምህርቱን ረስቶ፣ «ሞተራችሁን ለልምምድ ስለምናችሁ በር የዘጋችሁብኝ እናንተ አይደላችሁም?»

«ሞተር መለማመጃ ነው? በቅሎ ነው እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተማከሩና ተመለሱ፤ ሁለቱም ወገን አጥፍቷል፣ ይሳሳሙ ተባለ። ዲኑ ከረባቱን እያስተካከለ ተነሳ፤ ከሊቀ መንበሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ተሳሳሙ። እዚህ ላይ አንባቢዬ የሽማግሌዎችን ጥበብ ላወድስ ነው ብሎ ከጠበቀ ይቅርታ ይደረግልኝ። ፍርዱ የማይረባ ነበር። ማሰልጠኛና ማኅበር ቢሳሳሙ ለማንም አይጠቅምም፤ የኛም ጥናት መጨረሻው ላይ በረቀቀ ቋንቋ የሚመክረው ይህንኑ መሳሳም እንደሆነ ስለማውቅ ግን አልሳቅሁም።

ልጅቱ ያን ጊዜ ሳይፈቀድላት ተነሳች።

«እኔስ አባባ? እነሱ ታረቁ። እኔ ከማን ጋር ነው የምታረቀው?»

ሊቀ መንበሩ ጥርሱ መሐል የነበረውን መፋቂያ አወጣ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ የጠላሽ የለም። ሥራውን ታውቂያለሽ፣ አውቃለሁ። ግን ሞተሩ የመንደሩ ሁሉ ነው። ቢቃጠል ማንን ልይዝ ነው? ዋስ አምጪ ብዬሻለሁ፣ አላመጣሽም።»

«ዋስ የሚሆነኝ ሁሉ ማኅበርተኛ ነው! ማኅበርተኛ ለማኅበሩ ዕቃ ዋስ አይሆንም ያልከው አንተ ራስህ ነህ። ማኅበርተኛ ያልሆነው ደግሞ አያውቀኝም።»

«ደንቡ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ስለ ክህሎት፣ ስለ ተነሳሽነት፣ ስለ አመለካከት ገጾች ሙሉ ጥያቄ ይዘን መጥተን ነበር። ስለ ዋስ አንድም መስመር አልነበረንም። ዋስ ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ እኔ ራሴ ስቀጠር ዋስ ያቀረብኩ ሰው ነኝ፣ ብቻ የጥናት ነገር ሆኖ አይቼው አላውቅም።

በዚህ መሐል ነው ከምዕራብ፣ ከደጋው በኩል፣ ሰማዩ ያጉረመረመው። እኛ ላይ ደመና የለም፤ ተራራው ግን ራሱን ተከናንቧል። የሰዎቹ ጭንቅላት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዞረ። ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚህ ፀሐይ እያለ ጎርፍ ይመጣል፤ በቦታው ደርሶ ጠልፎ ወደ ማሳው የመራ ሰው ማሽላ ይበላል፣ የዘገየ ቆሞ ያየዋል። ካሁን በኋላ ማንም ለጥናት ብሎ እንደማይቀመጥ ግልጽ ሆነ። አንዳንዱ አካፋውን ካስደገፈበት እያነሳ ነበር።

ሽማግሌው ፈጠን ብሎ ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ የሰበሰብከን አንተ ነህ። የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኩት። አባቴ ቆቦ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር።

«የሰፊው ልጅ! ይኸን ሽርጥ የዘመዘመልኝ እሱ አልነበረም?» አለ፤ ሽርጡ እንኳ አባቴ ከሞተ በኋላ የተገዛ ይመስላል። «እንግዲያ አንተ ማኅበርተኛ አይደለህም። ባዕድም አይደለህም። ለዚች ልጅ ዋስ ትሆናለህ?»

ባልደረባዬ ክርኔን ያዘኝ። «ጋሼ እንዳታደርገው» አለ በሹክሹክታ። «በምናጠናው ነገር ውስጥ እጃችንን ካስገባን ውይይቱ አይረባም። እንጥለዋለን።» ልክ ነበር። ያን ያህል ልክ የሆነ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ልጅቱ ወደኔ አላየችም። ወደ ተራራውም አላየችም። ዓይኗ የተቆለፈው ሞተር ቤት ላይ ነበር፤ ከፊታችን፣ በሙቀቱ ግለት እየተንቀጠቀጠ፣ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር።

«ቶሎ በል መምህር» አለ አንዱ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ፤ «ጎርፉ ያንተን ሐሳብ አይጠብቅም።»

«ዋሷ ነኝ» አልኩ።

ሌላ ሰው የተናገረ ያህል ድምፄ ከሩቅ ተሰማኝ። ሊቀ መንበሩ ከወገቡ ቁልፉን ፈታ፤ «ሰማችሁ!» ብሎ ለልጅቱ ወረወረላት፤ ከሌሎቹ ጋር ሮጠ። ባንድ አፍታ ግራሩ ሥር እኔ፣ ባልደረባዬ፣ ዲኑና እየቀዳ ያለው መቅጃ ቀረን። ትንሽ ቆይቶ ጎርፉ መጣ። በመጀመሪያ ጠረኑ፣ የረጠበ አቧራ ጠረን፤ ከዚያ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ቡናማ ምላሱን አውጥቶ፣ ጭራሮና ቅጠል እየገፋ፣ ከሰማዩ ምንም ሳይወርድ። ሰዎቹ በአፈርና በእሾህ እየገደቡ ሲያዞሩት ከሩቅ ትንንሽ ጥላዎች ይመስሉ ነበር። ከኋላችን የሞተሩ ቤት በር ሲጢጥ ሲል ሰማን።

ውይይቱን ከጥናቱ አወጣነው። ባልደረባዬ በሌሎች ወረዳዎች የተደረጉትን ይዞ ጨረሰው፤ አዳራሽ ውስጥ፣ ለስላሳ እየተጠጣ ቀረበ፤ ባለ ድርሻ አካላት ግንኙነታቸውን ያጠናክሩ አለ። አጨበጨብኩ። እሱ ጥሩ ሰው ነው፣ ዛሬም ወዳጄ ነው፤ በዚያ ግራር ነገር ዛሬም ይቆጣኛል።

ወሩ ሲያልቅ ጓደኞቿ ሄዱ። አንዷ ትደውላለች።

እሷ ሞተሩን ይዛ ቀረች። ዋስነቴን ማንም አላነሳልኝም፤ ሊቀ መንበሩ በየዓመቱ ማሽላው ሲያሽት «ዋስ ሆይ፣ እስካሁን አላቃጠለችም» እያለ ይደውልልኛል፤ ትንሽ ቅር የተሰኘ ይመስላል። እሷ ደግሞ የምትደውለው ከምሳ በኋላ ነው፣ በዚያ የማንም ባልሆነው ሰዓት። ብዙ አታወራም። እኔ ባለሁበት ደጋ ከተማ ዝናቡ መስኮቱን ያጥባል፣ ያልታረሙ የተማሪ ወረቀቶች ደረቴ ላይ ተዘርግተዋል።

«ጋሼ፣ ተኝተህ ነው?»

«አይ።»

«ድምፁን ቀይሮ ነበር፣ ፈትቼ አጠብኩት። እስቲ አሁን ስማው።»

ስልኩን ወደ ሞተሩ ታስጠጋዋለች። እሰማለሁ። ስለ ሞተር ምንም አላውቅም፤ ድምፁ ደህና ይሁን የታመመ አልለይም። ዓይኔን እጨፍንና ያ የሌለው ኩሬ አስፋልቱ ላይ ሲያብለጨልጭ ይታየኛል።

«እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ደህና ነው» እላታለሁ፤ ዋስ ነኝና።