ማግኔቱን ማን ይያዝ

ስትወድቅ ባዩህ ሰዎች መሀል በማግስቱ ሱቅ መክፈት ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት ከሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። አራት ዓይነት መድኃኒት እየተቀያየረለት ዋጠ፤ በሽታው ግን አልበገር አለ። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው አንዲት ሐኪም በግራ ደረቱ፣ ከቆዳው ሥር፣ ከክብሪት ሳጥን የምታንስ መሣሪያ ቀበረችለት። ከእሷ የወጣች ቀጭን ሽቦ አንገቱ ውስጥ ነርቭ ላይ ተጠምጥማ በየአምስት ደቂቃው በኤሌክትሪክ ትነካዋለች። ያን ጊዜ ድምፁ ይሻክራል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ "ባትሪው" ብሎ ስም አወጣለት።

"ባትሪው! ሰዓት ስትሞላ ኖረህ አንተም ተሞላህ አይደል?" ሲለው አብረው ይስቃሉ።

መውደቁ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ ሐኪሟ እጅ ላይ የሚታሰር ማግኔት ጨመረችለት። በሽታው ሊመጣ ሲል የተቃጠለ ፀጉር ይሸተዋል፤ ያኔ ማግኔቱን ደረቱ ላይ ካሳለፈ መሣሪያዋ ተጨማሪ ምት ትሰጣለች፤ ብዙ ጊዜም ታቆመዋለች።

ማግኔት ግን የሰዓት ጠላት ነው። ሰዓት ውስጥ ያለችው ከፀጉር የቀጠነች ሞላ አንዴ ከያዛት ጥምጥሞቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሰዓቱም እንደ ዕብድ ይሮጣል። ወረንጦው ብሎን አልለቅ ይላል። ስለዚህ ሱቁን ሲከፍት ማግኔቱን ፈትቶ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቅላል። ሦስት እርምጃ ነው፤ እደርሳለሁ ይል ነበር።

አንድ ጠዋት አልደረሰም። ጫማ ሰፊው ግንባሩ ተተርትሮ ወለል ላይ አገኘው።

የሰዓት ሠሪው ሚስት፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ ቁስሉን እያጠበች፣ "ወይ የባትሪ ሰዓት ብቻ ሥራ፣ እነሱን ማግኔት ብዙም አይጎዳቸውም፤ ወይ ማግኔቱን እኔ ልያዝልህ" አለችው።

"ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ባትሪ ለመቀየር ነው?"

"እንግዲያው እኔ ልያዝ።"

"ሞግዚት አስቀምጬ! ደንበኛ ምን ይለኛል?"

"ሚስቱ ናት ይልሃላ። ደግሞ ማን አንተን አየ፤ እኔ የማየው ሹራቤን ነው።"

ፊቱን አዞረ። ከበሽታው ይልቅ የከበደው ሰው እየጠበቀው መኖሩ ነበር። ራስን ችሎ መኖር የምንለው ማን እንደደገፈን አለማየት ብቻ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ግን ግንባሩ ለተሰፋ ሰው ይህን እንዴት ይሉታል?

በማግስቱ ማግኔቱን እጇ ላይ አስራ በሩ ጋ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት አኮረፋት። ከዚያ አንድ ቀን የአንድ ጡረተኛ ዳኛ የኪስ ሰዓት ከፍቶ ሳለ ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ።

"ሸተተኝ" አለ።

ሹራቧን ጥላ ደረሰች፤ ማግኔቱን ደረቱ ላይ አሳለፈችው። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወዲያ ሄደ፣ ተመለሰ። አልወደቀም።

የዳኛው ሰዓት ግን ሩጫውን ጀምሯል።

"አጠፋሁ?" አለች።

"አጥፍተሻል" አለ ድምፁ ሻክሮ።

ማግኔት የያዘውን ሰዓት የሚያስለቅቅ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ አለ፤ ያቺ የሐኪሟ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ከተቀበረች ወዲህ ግን እሱ እንዳይጠጋው ተከልክሏል። ሄዶ በሩ ጋ የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ማግኔቱን እዚህ ተዪውና ወደ መሣሪያው ሂጂ። ሰዓቱን ላዩ ላይ አድርጊና ቁልፉን ተጫኚ። ሰዓቱን ወደ ላይ አርቂው … ቀስ አልኩሽ እኮ፣ ሹራብ መሰለሽ?"

"አትጩህብኝ፣ አንተ ሰው!"

የመጀመሪያው አልሆነላትም። በሁለተኛው ሰዓቱ ረጋ። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ አያትና፣

"ነገ በሩ ጋ ለአንቺም የሥራ ጠረጴዛ አስገባልሻለሁ" አላት።